ሰዓቱን ወደ ኋላ የመለስንበት ክረምት

ልጅ እያለሁ ሰኔ ሠላሳን የሚያህል ቀን አልነበረኝም። ካርዳችንን ተቀብለን፣ ዝናብ እንዳያበሰብሰው በፌስታል ጠቅልለን፣ በአምቦ ጭቃ ላይ እየተንሸራተትን ወደ ቤት ስንሮጥ ሁለት ወር ሙሉ ከፊታችን ተዘርግቶ ይታየን ነበር። ሁለት ወር ያለ ደወል፣ ያለ ሰልፍ፣ ያለ የቤት ሥራ! ክረምትን በሱዚና በሰኞ ማክሰኞ፣ በቆርኪና በእሸት በቆሎ ያሳለፈ የኔ ዘመን ልጅ የዚያን ቀን የልብ ምት አይረሳውም። አየሩ እርጥብ አፈርና ባሕር ዛፍ ይሸታል፤ የሁሉቃ ወንዝ ሞልቶ ሲያጓራ ድምፁ እኛ ሰፈር ድረስ ይሰማል፤ እኛም አብረነው እንጮሃለን።

ከዐሥር ዓመት በፊት የነበረው ክረምት ግን ከሁሉም ይለይብኛል። እኔ ዐሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ወንድሜ ናኦል ዘጠኝ፣ ትንሿ እህታችን ስምቦ አምስት። እናታችን የአንደኛ ደረጃ መምህርት ስለነበረች ዲግሪዋን የምትማረው በክረምት ነበር። ስምቦን ስትወልድ አንዱ ክረምት አመለጣት። ናኦል የታመመ ጊዜ ደግሞ ሌላውን አቋርጣ መጣች። ያ ክረምት የመጨረሻዋ ነበር፤ ካለፈ ትመረቃለች። ወደ ጅማ ልትሄድ ሻንጣዋን ከዘጋች በኋላ ሦስታችንን በመደዳ አቁማ፣ «ቤቱ ተዘበራረቀ የሚል ነገር ከሰማሁ ትምህርቱንም ትቼ እመጣለሁ» አለችን። እናቴ የተናገረችውን እንደምታደርግ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ከሁላችንም በላይ አባዬ ያውቅ ነበር።

አባዬ ጤና ጣቢያ ውስጥ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነው። ነገር ሁሉ በልኩ ካልተሰፈረ እንቅልፍ አይወስደውም። እናቴ በሄደች ማግስት ያለፈውን ዓመት ካላንደር ገልብጦ፣ በማስመሪያ እያሰመረ፣ በሰማያዊና በቀይ እስክሪብቶ ፕሮግራም አወጣልንና ከቡፌው በላይ፣ ከሰዓቱ ጎን ለጠፈው። ዐሥራ ሁለት ሰዓት መነሳት፤ ከሁለት እስከ አራት ጥናት፤ ከዚያ እስከ አራት ተኩል ቤት ማጽዳት፤ ከአራት ተኩል እስከ አምስት ጨዋታ። ከእራት በፊት ደግሞ የዘመድ ስልክ ቁጥር በቃል ማጥናት። «ስልክ ይጠፋል፣ ባትሪ ያልቃል፤ ጭንቅላት ግን አብሮን ነው» ይለን ነበር።

ናኦል ሰንጠረዡን በጣቱ እየተከተለ አነበበና ፊቱ ጠቆረ። «ጨዋታ ግማሽ ሰዓት ብቻ?»

«ጠዋት ግማሽ፣ ከሰዓት በኋላ ግማሽ» አለ አባዬ፣ ከልቡ ደስ ብሎት። «አንድ ሰዓት ሙሉ ማለት እኮ ነው!»

አባዬ ሥራ ሲውል የሚጠብቁን ጎረቤታችን አዴ ጫልቱ ነበሩ። ረጅም፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሴት ናቸው። የሟች ባላቸውን ሹራብ ደርበው፣ ቦት ጫማ አድርገው፣ መዝሙር እያዜሙ ድንች ይልጣሉ። አባዬ ፕሮግራሙን ካስረከባቸው ቀን ጀምሮ እንደ መጽሐፍ ቃል ይጠብቁት ነበር። በር ላይ ጥላችን ከታየ፣ «ኢጆሌ! ልጆች! ገና ነው፣ ገና ነው!» ብለው ወደ ደብተራችን ይመልሱናል። ሞባይላቸው ላይ የሚያውቁት አረንጓዴውንና ቀዩን ቁልፍ ብቻ ስለሆነ ሰዓት የሚያዩት ከግድግዳችን ነው።

ሐሳቡ የናኦል ነበር። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት አዴ ጫልቱ ወደ ማድቤት ወጣ ሲሉ በርጩማ ላይ ቆሞ ሰዓቱን አወረደና ግማሽ ሰዓት ወደ ፊት ገፋው።

«ጥናት አለቀ» አለኝ በሹክሹክታ።

«አባዬ ለምሳ ሲመጣስ?»

«በጨዋታ ሰዓት ወደ ኋላ እንመልሰዋለን። ጥናቱ ግማሽ ሰዓት ያጥራል፣ ጨዋታው ግማሽ ሰዓት ይረዝማል፣ አባዬ ሲመጣ ሰዓቱ ልክ ነው!»

እንደዚህ ያለ ብልሃት በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ልቤ እንደ ከበሮ ይመታ ጀመር። ስምቦን በር ላይ እናቆማታለን። አዴ ጫልቱ ብቅ ካሉ የሰንበት ትምህርት መዝሙሯን እንድትለቀው ተስማምተናል፤ እሷ ግን መዝሙሩ ስለሚጥማት ሰው ሳይመጣም ትለቀዋለች። ናኦል ከበርጩማው ላይ ስንት ጊዜ እንደዘለለ እግዜር ይቁጠረው። ስምንት ቀን እንዲህ አለፈ። በእነዚያ ቀናት የተጫወትኩትን ሱዚ ያህል የጣመኝ ጨዋታ ከዚያም በኋላ አላውቅም።

በዘጠነኛው ቀን የአዴ ጫልቱ ልጅ ሌንሳ ከነቀምት ትመጣ ነበር። ባሏ ወደ አዲስ አበባ ስለተዛወረ የሦስት ወር ሕፃኗን ይዛ ወደ እሱ መሄዷ ነው። አዴ ጫልቱ የልጅ ልጃቸውን ገና አላዩትም፤ ጉልበታቸው ያን ሁሉ መንገድ አላስኬድ ብሏቸው። ሌንሳ ቀደም ብላ ደውላ አውቶቡሱ ለምሳ አምቦ ላይ ከአምስት ተኩል እስከ ስድስት እንደሚቆም ነገረቻቸው። ከዚያ መብራት ጠፋ። ሁለት ቀን ሙሉ ስላልመጣ የአዴ ጫልቱ ሞባይል ሞቶ ኪሳቸው ውስጥ ተቀመጠ። ግን ቀጠሮው የታወቀ ስለሆነ ማንም አልተጨነቀም። የገብስ ጩኮ በቅቤ አሽተው አገልግል ሞሉ፤ ለሕፃኑ በእጃቸው የሠሩትን ቢጫ ሹራብ ከላይ አስቀመጡ። ጠዋት ነጭ ነጠላቸውን ለብሰው መጡና፣ «አምስት ሰዓት ከሩብ ሲል አብረን እንወጣለን፤ ታጥባችሁ ጠብቁኝ» አሉን።

ያን ቀን ከሳምንት ዝናብ በኋላ ፀሐይ ወጣች። ሰፈሩ ሁሉ ልጅ ሆነ። ናኦል እንደ ልማዱ ሰዓቱን ወደ ፊት ገፋ፤ ጥናቱ አለቀ፤ ቤቱን ጠራርገን ወጣን። በጨዋታው መሀል ናኦል «ውሃ ልጠጣ» ብሎ ገብቶ ሰዓቱን ግማሽ ሰዓት መለሰው። ጨዋታ ስላጣደፈው አልነገረኝም። እኔ ደግሞ የረሳው መስሎኝ «ሱዚ ላምጣ» ብዬ ገባሁና ሌላ ግማሽ ሰዓት መለስኩት። እኔም አልነገርኩትም።

አዴ ጫልቱ በግድግዳው ሰዓት ልክ አምስት ከሩብ ሲል አገልግሉን አንስተው ወጡ። ስምቦን በእጃቸው ይዘው፣ ጭቃውን እየመረጡ፣ ለሚያገኙት ሁሉ «የልጄን ልጅ ላይ ነው!» እያሉ፣ እኛም ተከትለናቸው መናኸሪያ ደረስን።

«የነቀምቱ አውቶቡስ የት ቆመ?» ብለው ተራ አስከባሪውን ጠየቁት።

«እናቴ፣ አሁን ወጣ። አምስት ደቂቃ ቢሆነው ነው።»

«ምን ማለትህ ነው? ገና ስድስት አልሆነም እኮ!»

ሰውየው የእጅ ሰዓቱን አሳያቸው። ስድስት ሰዓት ከአምስት ይላል። «ሕፃን ያቀፈች ልጅ ደጃፉ ላይ ቆማ ስትጠብቅ ነበር» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሾፌሩ ሁለቴ ጥሩምባ ነፍቶ ነው ያስገባት።»

አዴ ጫልቱ አገልግሉን ጉልበታቸው ላይ አድርገው እርጥብ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «ዴምቴ» አሉ። ሄደች ማለታቸው ነው። ነጠላቸው ጭቃ ሲነካ እንኳ አላነሱትም።

ናኦልን አየሁት። «መልሰኸው ነበር?» አልኩት በከንፈሬ ብቻ።

ዓይኑ ፈጠጠ። «አዎ። አንቺስ?»

የሌንሳ ቁጥር ያለው በሞተው ሞባይል ውስጥ ብቻ ነበር። አልቅሼ ላመልጥ እችል ነበር። ግን በዚያች ቅጽበት፣ ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ የአጎቴ የደጀኔ ስልክ ቁጥር ከነዜማው አእምሮዬ ውስጥ ተደረደረ፤ ከእራት በፊት ስንቴ እንዳልነው! አጎቴ ደጀኔ የአባዬ ታናሽ ወንድም ነው፤ ጊንጪ ላይ ከአስፋልቱ ዳር ጎማ ይጠግናል። ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መኪና ሁሉ በደጁ ያልፋል። ተራ አስከባሪውን ስልኩን ለመንኩት፤ ሳያመነታ ሰጠኝ።

«አጎቴ! ሜቲ ነኝ!»

«ሜቲ? ማል ታቴ? ምን ሆናችሁ?»

«የአዴ ጫልቱ ልጅ አውቶቡስ ውስጥ አለች፣ ከነቀምት የመጣ፣ አሁን ከአምቦ የወጣ፣ ሕፃን ይዛለች፣ ሳይገናኙ አለፈች፣ አስቁምልን!»

«ረጋ በይ እስቲ። የቱን አውቶቡስ? ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ ነው የሚያልፈው።»

ተራ አስከባሪው ስልኩን ከእጄ ወሰደ። «ጣሪያው ላይ ቢጫ ጀሪካንና ቀይ ፍራሽ የታሰረበት ነው ወንድሜ። አይጠፋህም።»

የአጎቴ ድምፅ እስከ እኛ ተሰማ፤ «ካልቆመ መሀል መንገድ ላይ እተኛለሁ! ኑ!»

ቀጥሎ ለአባዬ ደወልን። ሥራ ላይ ስለነበር ብዙ አልጠየቀም። «ሂዱ። ከአዴ ጫልቱ እጅ እንዳትለዩ» ብቻ አለ። ተራ አስከባሪው ሊወጣ ያለ ሚኒባስ አቁሞ አራታችንን ከነአገልግሉ አስገባን።

ያን መንገድ እስካሁን በዓይኔ አየዋለሁ። ፀሐይዋ ሸሽታ ዝናቡ እንደገና ወረደ። ጉሙ መሬት ድረስ ወርዶ ጤፉን ሸፈነው፤ ፈረሶች ከመንገዱ ዳር ጀርባቸውን ለዝናቡ ሰጥተው ቆመዋል። ናኦልና እኔ መስኮቱ ላይ ተለጥፈን በየኩርባው ቢጫ ጀሪካን እንፈልጋለን። አዴ ጫልቱ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይጸልያሉ። ሁለት ኪሎ ሜትር ሳንሄድ ተሳፋሪው ሁሉ ታሪካችንን ያውቅ ነበር።

«ሾፌር፣ ንካው እንጂ!» አለች ከኋላ ያለች ሴት።

«በዚህ ዝናብ ምኑን ይነካዋል? የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አሉ አንድ ሽማግሌ። ትንሽ ቆየት ብለው ግን፣ «ቢሆንም ትንሽ ጨምርበት ልጄ» አሉ። መኪናው በሣቅ ተሞላ። ስምቦም መዝሙሯን ለቀቀችው።

ጊንጪ ስንገባ አውቶቡሱ የለም። አጎቴ ደጀኔ ብቻውን፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ፣ ዝናብ ላይ ቆሟል። ሚኒባሱ ሲቆም በእጁ ወደ ቆርቆሮ ዳሱ ጠቆመ። እዚያ ውስጥ፣ በተደረደሩ ጎማዎች ላይ፣ ሻንጣዋን ከጎኗ አድርጋ፣ ሌንሳ ተቀምጣለች። አውቶቡሱ ሊጠብቅ ስላልቻለ ዕቃዋን አስወርዳ፣ «በሌላ እሄዳለሁ፣ እናቴን ሳላይ አልሄድም» ብላ ቀርታለች።

አዴ ጫልቱ ያ የታመመ ጉልበታቸው የት እንደገባ አላውቅም፤ አስፋልቱን ሮጠው ተሻገሩ። ደጃፉ ላይ ሲደርሱ ግን ቆሙ። እጃቸውን በነጠላቸው ጫፍ ደጋግመው ጠረጉ። ሌንሳ ሕፃኑን ዘረጋችላቸው። «ኢልማ ኮ፣ ኢልማ ኮ» አሉ፤ ልጄ፣ ልጄ። ሕፃኑም አፍጥጦ አያቸውና አስነጠሰ። ከሚኒባሱ መስኮት እልልታው ቀለጠ። ሾፌሩ ራሱ ጥሩምባ ነፋ። እኔና ናኦል ጭቃ ላይ እየዘለልን ነበር።

ከዚያ ምስጋናው መጣ። አጎቴ ደጀኔ ራሴን እየዳበሰ «ጀግና!» አለኝ። ሌንሳ ሳመችኝ። አዴ ጫልቱ ጩኮውን እየቆረሱ በመጀመሪያ ለኔ አጎረሱኝና፣ «ጌታ ይባርክሽ። ዛሬ አንቺ ባትኖሪ ኖሮ ልጄ ታመልጠኝ ነበር» አሉ። ጩኮው አፌ ውስጥ ቆመ።

«አዴ ጫልቱ» አልኩ፤ «እኔ ባልኖር ኖሮ አታመልጥዎትም ነበር።»

ከዚያ ሁሉንም ተናገርኩ። ድምፄ ሲቆራረጥ ናኦል ተቀበለኝ። «ሐሳቡ የኔ ነው። እሷም ሰዓቱን መመለሷን አላወቅኩም። ይቅርታ ያድርጉልን» አለ አንገቱን ደፍቶ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። አዴ ጫልቱ አንዴ እኛን፣ አንዴ እቅፋቸው ውስጥ ያለውን ሕፃን አዩ።

«ስንት ቀን ሆነ ይህ ነገር?»

«ዘጠኝ ቀን።»

«ዘጠኝ ቀን! እኔ ደግሞ ይህ ድንች ምን ነካው፣ አልበስል አለ እያልኩ ማገዶ እጨምራለሁ!»

ሌንሳ ሣቋን መቆጣጠር አቃታት። አዴ ጫልቱ ግን አልሣቁም። «ያመንኩት ሰዓቱን አልነበረም፤ እናንተን ነው» አሉ። «ለአባታችሁ ራሳችሁ ትነግሩታላችሁ። እኔ አላሳብቅም፣ አልሸፍንላችሁምም።» ቀጥለው ግን ለናኦልም ጩኮ ቆረሱለት።

ሌንሳ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሌላ አውቶቡስ እስክትሄድ ድረስ አዴ ጫልቱ ሕፃኑን አላወረዱትም። ቢጫው ሹራብ ሰፍቶት እጆቹ ውስጡ ጠፍተው ነበር።

ማታ እራት ላይ ለአባዬ ነገርነው። ሹካውን አስቀመጠ። ከዚያ ስልኩን አወጣ። «ለእናታችሁ ልደውል ነው።»

«አባዬ፣ አትንገራት!» አልኩ። «ትምህርቷን ትታ ትመጣለች!» ፈተናዋ ሊደርስ አንድ ወር ነበር የቀረው። በኔ ምክንያት ሦስተኛ ክረምት ልታጣ ነው ብዬ ስልኩን በእጄ ሸፈንኩት።

«ታዲያ ልዋሻት?» አለኝ።

ደወለና የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። እኔ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት።

«አሁን ሁላችሁም ቤት ናችሁ?» አለች እናቴ ከጅማ።

«አለን።»

«አዴ ጫልቱን ይቅርታ ጠየቃችሁ?»

«ጠይቀናል።»

«ሕፃኑስ ማንን ይመስላል?»

«ድንች ይመስላል!» አለች ስምቦ ማንም ሳይቀድማት። እናቴ ስትሥቅ ሰማናት። ሣቋ ሲበርድ ድምፅዋን የመምህርት አድርጋ፣ «አባታችሁን ስጡኝ» አለች። «አንተ፣ እውነት ለልጆች ግማሽ ሰዓት ጨዋታ ብለህ ጻፍክ?»

አባዬ ግድግዳውን አየ። «ጠዋት ግማሽ፣ ከሰዓት በኋላም…» ብሎ ጀመረና ተወው። እናቴ አልመጣችም። ተፈትና፣ አልፋ፣ ጳጉሜን ሊገባ ሲል ሻንጣዋን ይዛ ከአውቶቡስ ወረደች፤ አዴ ጫልቱም እኛም መናኸሪያው ላይ ከአንድ ሰዓት በፊት ተገኝተን ነበር።

ጊንጪ በሄድንበት ሳምንት ቅዳሜ ግን አዲስ ፕሮግራም ወጥቶ ነበር። በዚህኛው ጊዜ አምስታችን ጠረጴዛ ከበን፣ አዴ ጫልቱን ሰብሳቢ አድርገን ነው። «በክረምት ቀኑን የሚመራው ዝናብ ነው» አሉ እሳቸው፤ እንዲያው ተጻፈ። ዝናብ ሲዘንብ ጥናትና ቤት ማጽዳት፤ ሲያባራ ጨዋታ፣ የፈለገውን ያህል ይርዘም። ስምቦ እንቁላል የመሰብሰብ ሥልጣን ተሰጣት። ናኦል ድንች መላጥ ተማረ። እኔ ለአዴ ጫልቱ ከሰዓት በኋላ ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ፤ እሳቸውም እየሰሙ ሹራብ ይሠራሉ። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሴት አንድ ቀን ዝናቡ ሲያባራ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ሰኞ ማክሰኞ ሲዘሉ ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ያየ ጊዜ የነበረውን ጩኸት ብነግራችሁ አታምኑኝም። ነሐሴ መቼ እንዳለቀ አላወቅነውም።

ዛሬ እንጭኒ ላይ አስተምራለሁ። ሰኔ ሲያልቅ ካርድ የማድለው እኔ ሆኛለሁ፤ ልጆቹ ካርዳቸውን ነጥቀውኝ ሲሮጡ እግሬ አብሮ ይነሳል። ዘንድሮ አምቦ የገባሁት ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ነው። ናኦል ሩቅ አገር ዩኒቨርሲቲ ነው፣ እስከ ነሐሴ አይመጣም። ስምቦ ቲቶሪያል አለኝ ብላ ጠዋት ወጥታ ማታ ትመለሳለች፤ የቀረውን ከስልኳ ጋር ናት። እናቴ ርዕሰ መምህርት ከሆነች ወዲህ ክረምቱንም ትምህርት ቤት ትውላለች። አዴ ጫልቱ ካረፉ ሦስት ዓመት ሆናቸው፤ ቤታቸው ውስጥ የማላውቃቸው ሰዎች ገብተዋል፣ ጥሩ ሰዎች ናቸው ይላሉ። ያኔ ቀን አልበቃ ብሎን ከቀኑ እንሰርቅ ነበር። አሁን ቀኑ ይተርፈኛል፤ የሚጎድለኝ ሰው ነው።

በመጣሁ ማግስት ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነቃሁ። ማንም «ተነሺ» አላለኝም። ዝናቡ ጣሪያውን ሲመታ እየሰማሁ ትንሽ ተኛሁና ተነሣሁ። አባዬ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ግቢውን ያያል። ፀጉሩ ከፊት በኩል ሁሉም ነጭ ሆኗል።

«ዛሬ ሥራ አለሽ እንዴ?» አለኝ።

«የለኝም አባዬ።»

ከጎኑ ያለውን ወንበር በእጁ ጠረገልኝ። «እንግዲያው ቁጭ በይ» አለ፤ «እስኪያባራ አብረን እንጠብቃለን።»